የደቡብ እስያ ኩዊር አጫጭር ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በባንግላዲሽ፣ በኔፓልና በስሪላንካ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጪ ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩ) እና ስለ ሂጅራዎች (ራሳቸውን ከወንድም ከሴትም የተለዩ አድርገው የሚያዩ የቆየ የደቡብ እስያ ማኅበረሰብ) የተሠሩ አጫጭር ፊልሞችን ለማየት፣ ለማሳየት፣ ወደ አማርኛ ለመመለስ ወይም ራሱ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከየትኛው ፊልም ልጀምር?

ከ1996ቱ «ቦምጌይ» ጀምሩ። ሪያድ ዋዲያ በገጣሚው አር. ራጅ ራኦ ግጥሞች ላይ ተመሥርቶ የሠራው ሲሆን የሚፈጀው 12 ደቂቃ ብቻ ነው። በሕንድ ስለ ወንዶች ፍቅር ሳይሸፋፍኑ ከተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች አንዱ ነው። ቀጥሎ የፋራዝ አሪፍ አንሳሪን «ሲሳክ» (2017) እዩ። ሁለት ወንዶች በሙምባይ የከተማ ባቡር ውስጥ ይተያያሉ፤ አንድም ቃል ግን አይለዋወጡም። ከዚያ የፓኪስታናዊውን የሳይም ሳዲቅን «ዳርሊንግ» (2019) አስከትሉ። ታሪኩ በላሆር የዳንስ ቲያትር ውስጥ ያለ ሲሆን በቬኒስ ፌስቲቫል የኦሪዞንቲ ክፍል ምርጥ አጭር ፊልም ተብሎ ተሸልሟል። እዚያ የተወነችው አሊና ኻን ራሷ ትራንስጀንደር ናት። በዳይሬክተሩ የ2022 ሙሉ ፊልም ላይም ተመልሳ መጥታለች።

ማራቲኛ (የሙምባይ አካባቢ ቋንቋ) ለሚሰማ ወይም ስለ ገጠር ማየት ለሚፈልግ የሮሃን ካናዋዴ «ኡ ኡሻቻ» (2019) አለ። ካናዋዴ በ2025 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የዓለም ሲኒማ የድራማ ዘርፍ ታላቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘውን «ሳባር ቦንዳ»ን ሠርቷል። አጭሩን ለረጅሙ እንደ ልምምድ ብቻ አትዩት፤ በራሱ የቆመ ሥራ ነው።

የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

ፊልሙ በምን ዓይነት ሕግ ሥር እንደተቀረጸ የሚነግራችሁ ዓመቱ ስለሆነ ነው። በ1860 እንግሊዞች ባወጡት የወንጀል ሕግ ውስጥ ያለው አንቀጽ 377 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ» የሚለውን ግንኙነት ይቀጣ ነበር። በሕንድ የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2009 አላላው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2013 መልሶ አጸናው። በሴፕቴምበር 6 ቀን 2018 ደግሞ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ከወንጀልነት አወጣው። እንግዲህ «ሲሳክ» የወጣው ሕጉ ተመልሶ በጸናበት ዘመን ነው። ሁለቱ ሰዎች የማይነጋገሩት ለማሳመር ብቻ ነው ብሎ የሚያይ ተመልካች የፊልሙን ግማሽ ያጣል።

ይኸው አንቀጽ በፓኪስታንና በባንግላዲሽ ዛሬም አለ። ስሪላንካ አንቀጽ 365 እና 365ሀ አሏት። ኔፓል በ2007 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ መንገድ ይዛለች። ፓኪስታን በ2018 የትራንስጀንደር ሰዎችን መብት የሚያስጠብቅ ሕግ አውጥታለች፤ 377ን ግን አልሰረዘችም። ስለዚህ ከአንድ አገር የመጡ ሁለት ፊልሞች እንኳ በእኩል ነጻነት ላይሠሩ ይችላሉ።

ለምን አጭር ሆኑ?

ገንዘቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሳንሱሩ ሌላው። በሕንድ ፊልም በሲኒማ ቤት ለሕዝብ እንዲታይ የማዕከላዊው የፊልም ማረጋገጫ ቦርድ የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የስሪዳር ራንጋያን «ጉላቢ አይና» (2003) ይህን ወረቀት ተከልክሎ በፌስቲቫል ነው የዞረው። ፌስቲቫሎች ከማስታወቂያና ብሮድካስቲንግ ሚኒስቴር ልዩ ፈቃድ ሲያገኙ ያለ ምስክር ወረቀት ማሳየት ይችላሉ። ነገር ግን ተመልካቹ አስቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለበት። አጭር ፊልም በዚህ ጠባብ በር ያልፋል።

ስንት ደቂቃ ይሁን?

የመጨረሻው የስም ዝርዝር ተቆጥሮ ካን 15 ደቂቃ፣ ቬኒስ 20 ደቂቃ፣ ኦስካር 40 ደቂቃ ድረስ ይቀበላሉ። የእኛ ምክር 12 ነው። 23 ደቂቃ የሆነ ፊልም ከካንም ከቬኒስም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የ90 ደቂቃ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ለእሱ ሲል ሁለት ሌሎች ፊልሞችን መጣል ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚጣለው እሱ ራሱ ነው።

የት ማየት ይቻላል?

በሙምባይ ከ2010 ጀምሮ የሚካሄደው የካሺሽ ፌስቲቫል ዋናው ነው። በኮልካታ «ዳያሎግስ» አለ። ከደቡብ እስያ ውጪ በለንደን «ቢኤፍአይ ፍሌር» በማርች ይካሄዳል። ከእሱ ጋር ብሪቲሽ ካውንስል በየዓመቱ አምስት አጫጭር ኩዊር ፊልሞችን በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል፤ የደቡብ እስያ ፊልም አንዳንዴ ይገባበታል። ሲያትል ላላችሁ ኢትዮጵያውያን የደቡብ እስያ ፊልም ፌስቲቫል የሆነው «ታስቪር» እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። ሎስ አንጀለስም ከ2003 ጀምሮ የሕንድ ፊልም ፌስቲቫል አላት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በይለፍ ቃል የተቆለፈ የቪሜዮ ሊንክ ከደረሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ። ብዙ ፌስቲቫሎች «ከዚህ በፊት በይፋ ያልታየ» የሚል መስፈርት አላቸው፤ በቴሌግራም የወጣ ቅጂ ያንን ዕድል ይዘጋል። የተዋናዮቹ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፤ ከታች እንመለስበታለን።

ወደ አማርኛ ስተረጉም ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ብነሳ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ብዙ ነው። ሂንዲ፣ ኡርዱና ቤንጋሊ እንደ አማርኛ ግሳቸውን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣሉ። ተመልካቹ የመጨረሻዋ ቃል እስክትነገር በጉጉት የሚጠብቀውን ነገር አማርኛ በተፈጥሮው እንዳለ ሊያቆይለት ይችላል። በእንግሊዝኛ በኩል ስትመጡ ግን ቅደም ተከተሉ አንዴ ይገለበጣል፣ እናንተም መልሳችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ በመካከል ቁልፏ ቃል ቦታዋን ትስታለች።

ትልቁ ጉዳይ ጾታ ነው። በሂንዲ «እሄዳለሁ» የሚል ወንድ «ሜን ጃታ ሁን» ይላል፤ ሴት «ሜን ጃቲ ሁን» ትላለች። ወንድ ተብላ ያደገች ገጸ ባሕርይ ፊልሙ መሀል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጃቲ» ስትል ያቺ አንዲት ድምፅ የፊልሙ ወገብ ልትሆን ትችላለች። እንግሊዝኛው ይህን አያሳይም፤ አማርኛም «እሄዳለሁ» ሲል ለሁለቱም አንድ ነው። ከእንግሊዝኛ የተረጎመ ሰው የሆነውን አያውቅም። ከሂንዲው የሰማ ግን መፍትሔ አለው፤ ለውጡን ወደ ሚቀጥለው ተናጋሪ አፍ ያሻግረዋል። እስከዚያ «አንተ» ይላት የነበረ ጓደኛዋ ሲመልስላት «አንቺ» ይበላት፤ ዋናው ንግግር የሚፈቅድ ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። ካልፈቀደ «እኔ ሴቷ» የሚል አጭር ጭማሪ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ዳይሬክተሩን ሳትጠይቁ አታድርጉ።

በቤንጋሊ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ሦስተኛ መደብ ጾታ የለውም፤ ግሱም አይለይም። ደራሲው ሆን ብሎ ሳይገልጽ የተወውን «መጣ» ወይም «መጣች» ብላችሁ መምረጥ ትገደዳላችሁ። መውጫው ሦስት ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በዕድሜ ከፍ ካሉ «መጡ» በሉ፤ አክብሮቱ ጾታውን ይሸፍናል። አለዚያ ድርጊቱን ወደ አንደኛ መደብ ወይም ወደ ስም አዙሩት፤ «ሲመጣ አየሁ» ከማለት «መምጫው ደረሰ» እንደ ማለት። ሁለቱም ካልሆነ ገጸ ባሕርይዋ ራሷን እንዴት እንደምትጠራ ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ይንገራችሁ፤ መልሱንም ሥራው ሳይጀመር ያዙ።

የአክብሮት ደረጃውስ?

ሂንዲ ሦስት አለው፦ «ቱ»፣ «ቱም»፣ «አፕ»። ቤንጋሊም «ቱይ»፣ «ቱሚ»፣ «አፕኒ»። አማርኛ በተግባር «አንተ/አንቺ» እና «እርስዎ» ነው ያለው። ከ«አፕ» ወደ «ቱም» መውረድ መቀራረብን የሚያሳይበት ትዕይንት ላይ «እርስዎ»ን ወደ «አንተ» ማውረድ ይሠራል፤ ሁለቱ እኩዮች ከሆኑ ግን «እርስዎ» የአለቃና የሠራተኛ ያስመስላቸዋል። እንደዚያ ሲሆን ከመጀመሪያው «አንተ» አድርጉና ርቀቱን በሙሉ ስም መጥራት አሳዩት፤ ሲቀራረቡ ስሙን በቁልምጫ አሳጥሩ። በሁለት ፍቅረኛ ወንዶች መካከል «ወንድሜ» አትጠቀሙ፤ ተመልካቹ የሥጋ ዝምድና ፍለጋ ይሄዳል።

«ሂጅራ»ን ምን ብዬ ልተርጉም?

«ሂጅራ» ብላችሁ ተዉት። ብዙ ጀማሪ «ጃንደረባ» ይላል፤ መዝገበ ቃላት ያየ ሰው ስህተቱ ይገባናል። ነገር ግን ለአማርኛ አንባቢ ጃንደረባ ማለት ቀድሞ የሚያስታውሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን፣ የህንደኬን ባለሟል ነው፤ አለዚያ የተሰለበ ሰው። ሂጅራ ግን የራሱ ጉሩና ደቀ መዝሙር፣ የራሱ ቤትና ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ ነው። እንግሊዞች በ1871 «የወንጀለኛ ነገዶች» ባሉት ሕግ ውስጥ ሂጅራዎችን በዚያው በ«ጃንደረባ» ስም መዝግበው አሳደዋቸዋል። ቃሉን ስትመርጡ የዚያን መዝገብ ቋንቋ ታድሳላችሁ። በፓኪስታን «ኽዋጃ ሲራ»፣ በታሚል ናዱ «ቲሩናንጋይ»፣ በኔፓል «ሜቲ» ይባላል፤ ሁሉም አንድ አይደሉም፤ ፊልሙ የሚለውን ያዙ። የስድብ ቃል በተናጋሪ አፍ ሲመጣ ስድብ ሆኖ ይተርጎም፤ ተራኪው ወይም የፊልሙ ማጠቃለያ ጽሑፍ ላይ ግን አይግባ።

የአማርኛ ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለምን?

ወይ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ስልት) አልተቀመጠም፣ ወይ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። የመጀመሪያው ከሆነ የሚታየው የጥያቄ ምልክትና የተበላሸ ፊደል ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ባዶ ሳጥን ነው። የኤስአርቲ ፋይሉን (የትርጉም ጽሑፉንና ሰዓቱን የያዘውን) «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ክፈቱና በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ። የአዳራሽ ማጫወቻ ወይም ስማርት ቲቪ ሲሆን ፊደል መጫን ስለማይቻል ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት። አንድ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ስለሚይዝና ወርዱም ሰፊ ስለሆነ በመስመር ከ30 ፊደል አትለፉ። ሁለት መስመር ይበቃል። ጽሑፉ ከአንድ ሰከንድ በታች አይቆይ፤ ከሰባት ሰከንድም በላይ አይቆይ።

በአዳራሽ ስናሳይ ጽሑፉ ከድምፁ እየቀደመ ይሄዳል። ምን ሆኖ ነው?

መጀመሪያ አንድ ላይ ሆነው መጨረሻው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ከተለያዩ ምክንያቱ የፍሬም ፍጥነት ነው። በሕንድና በፓኪስታን ብዙ ቀረጻ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ የሲኒማ ዲሲፒ (ለሲኒማ ቤት ማጫወቻ የሚዘጋጅ የፊልም ፋይል) ደግሞ በአብዛኛው 24 ነው። 25ቱ ወደ 24 ሲዘገይ 15 ደቂቃ የነበረው ፊልም 15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ለ25 የተዘጋጀውን ኤስአርቲ እንዳለ ስትጭኑበት ልዩነቱ በየደቂቃው ሁለት ሰከንድ ተኩል እየጨመረ ይሄዳል። በሶፍትዌሩ ከ25 ወደ 24 ለውጡት፤ መስመር በመስመር አትግፉ።

ዲሲፒውን በነጻው «ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ» መሥራት ይቻላል። በከፍተኛው 250 ሜጋቢት በሰከንድ የ15 ደቂቃ ፊልም 28 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ፍላሽ ስትገዙ ይህን አስቡ። ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት በዚያው ፕሮጀክተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫውቱት።

ሌሊት በመንገድ መብራት ስንቀርጽ ምስሉ ይርገበገባል።

በደቡብ እስያ የመብራቱ ኃይል 50 ሄርትዝ ነው፤ እንደ ኢትዮጵያ። በ24 ፍሬም የተለመደው 180 ዲግሪ ሹተር (የካሜራው መዝጊያ) 1/48 ሰከንድ ስለሚሆን ከመብራቱ ጋር አይገጥምም። ሹተሩን 1/50 ወይም 172.8 ዲግሪ አድርጉ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን ይህም ላያድነው ይችላል፤ ሳትቀርጹ በፊት በዚያው መብራት ሥር አንድ ደቂቃ ሞክሩ።

ተዋናዮቻችን ወይም ታሪካቸውን የሚነግሩን ሰዎች ቢታወቁ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ምን እናድርግ?

ከዚህ ገጽ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። በኤፕሪል 2016 የባንግላዲሽ የመጀመሪያው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጽሔት መሥራች የሆነውን ዙልሃዝ ማናንን ገዳዮች ዳካ ውስጥ ቤቱ ገብተው ከጓደኛው ጋር ገደሉት። አደጋው የተጋነነ አይደለም። ፊልሙ ከሰው አይበልጥም፤ ጥሩ ትዕይንት መቁረጥ ካለበት ይቆረጥ።

የስምምነት ወረቀቱ አንድ ፊርማ ብቻ አይሁን። ለፌስቲቫል፣ ለኢንተርኔት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለፖስተርና ለማስታወቂያ ቅንጭብ፣ እንዲሁም በገዛ አገራቸው ለማሳየት ለየብቻ «እስማማለሁ / አልስማማም» ይኑረው። ሰዎች ለፌስቲቫል እሺ ብለው ለፖስተር እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ፖስተር ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል። ወረቀቱ በራሳቸው ቋንቋ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት። ሐሳብ መቀየር የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ ኤዲቲንጉ ከሚዘጋበት ቀን በፊት መሆን አለበት።

ፊት ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም። ሰውን የሚያጋልጠው ድምፁ፣ የእጁ ንቅሳት፣ የቤቱ በር ቀለም፣ ከኋላ የሚታየው የሱቅ ታፔላ፣ የስኩተር ታርጋ ነው። ድምፅን በሶፍትዌር ማወፈር መልሶ ሊፈታ ስለሚችል ቃሉን ሌላ ሰው ይድገመው። ለጋዜጠኛ የምትልኩት ፎቶግራፍ በስልክ የተነሳ ከሆነ የቦታውን ጂፒኤስ በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል መረጃውን አጥፍታችሁ ላኩ።

የብዕር ስም የሚጠቀም ሰው በዲሲፒው፣ በፖስተሩ፣ በማመልከቻውና በአይኤምዲቢ (የፊልም ባለሙያዎች ስም በሚመዘገብበት ድረ ገጽ) ላይ ያው አንድ ስም ይሁን። አንዱ ቦታ እውነተኛው ስም ከገባ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። አይኤምዲቢ ደግሞ ትክክለኛ የሆነን ስም በልመና አያነሳም። ፊልሙን በአንድ አገር እንዳይታይ በኢንተርኔት መዝጋትም ከቪፒኤን አያድንም፤ እንደ ተጨማሪ አጥር እንጂ እንደ ዋስትና አትቁጠሩት።

ይህ ጥንቃቄ ለአማርኛ ተርጓሚውም ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሕጉ ከባድ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ሆኖ የሚተረጉም ሰው ስሙ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ዝም ካለ አይጻፍ።

ለፌስቲቫል ስንልክ ገንዘብ እያለቀብን ነው።

አብዛኛው ማመልከቻ በፊልምፍሪዌይ ድረ ገጽ በኩል ነው፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ላይ ዋጋው ይቀንሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፦ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደሆነ፣ በጀቱ ስንት እንደነበረ በሦስት ዓረፍተ ነገር። የሚሰጡ አሉ። በርሊን ከ1987 ጀምሮ የሚሰጠው ቴዲ ሽልማት የአጭር ፊልም ዘርፍ አለው። በዌልስ ካርዲፍ የሚካሄደው የኩዊር አጫጭር ፊልሞች ውድድር አይሪስ ደግሞ ለአሸናፊው 30,000 ፓውንድ ለቀጣዩ ፊልሙ ይሰጣል። ለእነዚህ ክፍያ ማውጣት ይገባል። ስሙ ለማይታወቅ፣ በየወሩ «አሸናፊ» ለሚያወጣ የኦንላይን ውድድር ግን አንድ ሳንቲም አታውጡ።

ትዕይንቱ ላይ ከሬዲዮ የድሮ የሂንዲ ዘፈን ይሰማል። መተው እንችላለን?

ፈቃድ ከሌለ አትተዉት። ፌስቲቫሉ ላይ ማንም ላያነሳው ይችላል፤ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ግን ራስ-ሰር መለያው ያገኘዋል፤ ድምፁ ይዘጋል ወይም ገቢው ለአሳታሚው ይሄዳል። ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለተቀዳው ድምፅ፣ ሌላው ለዜማውና ለግጥሙ። በሕንድ ሕግ የተቀዳ ድምፅ ከታተመበት ቀጥሎ ካለው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ 60 ዓመት ይጠበቃል፤ በ1962 የታተመ ቅጂ ጥበቃው በ2022 መጨረሻ አብቅቷል። የግጥሙና የዜማው መብት ግን ከደራሲው ሞት በኋላ 60 ዓመት ነው። ድምፁ ነጻ ሆኖ ግጥሙ ያልወጣበት ብዙ ዘፈን ስላለ ሁለቱንም ቁጠሩ። ዋጋው ካልተቻለ በሬዲዮው ምትክ የዜና ንባብ ራሳችሁ ጽፋችሁ አስነብቡ፤ ቀረጻው ቦታ ላይ ደግሞ የክፍሉን ባዶ ድምፅ 60 ሰከንድ ያህል ቅዱ። ዘፈኑን ስታወጡ የሚቀረውን ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው።